ሁለተኛ እጅ ያልነካው ዓሣ

ጋሽ ፍሬቻ ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ጓደኞቻቸው ናቸው። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፣ ከጎን እግረኛ በሌለበት ባዶ ጎዳና ላይ እንኳ ፍሬቻ ሳያበሩ የማይታጠፉ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይሄ አመል ከጡረታው ጋር አብሯቸው ቤት ገባ። ከወንበር ሲነሱ «ልነሳ ነው» ይላሉ፤ በር ሲከፍቱ «ልከፍት ነው» ይላሉ። ሰው ይስቅባቸዋል፤ እሳቸው ግን ግድ የላቸውም። ሰው የሚያደርገውን አስቀድሞ ቢናገር ማን ይጎዳል ባይ ናቸው፣ እውነታቸውንም ነው።

ስትሮክ ግን ፍሬቻ አያውቅም። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። እግራቸው እየተጎተተም ቢሆን ተመለሰ፤ አፋቸውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተፈታ። ቀኝ እጃቸው ግን እንዳኮረፈ ቀረ። ጣቶቹ ተጨብጠው ያልያዙትን አያነሱም፣ የያዙትን አይለቁም። ማንኪያ ካስጨበጧቸው ማንኪያው እዚያው ይውላል፤ ለማስለቀቅ በግራ እጅ ጣት በጣት መፈልቀቅ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ በተገናኙ ቁጥር ይክፈቱት፣ ይክፈቱት እያለች ትለምናቸዋለች፤ እጁ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ጋሽ ፍሬቻም ከዚያ እጅ ጋር ተጣልተው፣ ሰው በሌለበት ሲሰድቡት ይውላሉ።

ያለቻቸው ልጅ አንዲት ናት። ትምህርት ቤት ውስጥ ምክትል ርዕሰ መምህር ስለሆነች፣ ተማሪ ስታሰልፍ ውላ ቤት ስትገባም ማሰለፏን አትተውም። አባቷን ትወዳለች፣ ማን ይክዳታል። ግን እሷ ስትወድ ሰው መተንፈሻ ያጣል። ከመታመማቸው ወዲህ ሸሚዛቸውን የምትቆልፈው እሷ፣ ዳቧቸውን የምትቆርሰው እሷ፣ እንቁላላቸውን የምትልጠው እሷ ሆነች። አንድ ቀንማ ሻያቸውን እፍ ብላ አብርዳ፣ ቀምሳ ሰጠቻቸው። ጋሽ ፍሬቻ ያን ዕለት ሻዩን ሳይጠጡ ተዉት፤ እሷም ሆዳቸውን አሟቸው መሰላት።

በመጨረሻ ቁርጡን ነገረቻቸው። እሷ ቤት አንድ ክፍል ተጸድቷል፣ ቀለም ተቀብቷል፣ አዲስ አልጋ ገብቶበታል። አልጋው በጎንና በጎኑ እንዳይወድቁ የሚከልል ብረት አለው። የእሳቸው ቤት ደግሞ ይከራያል፤ ተከራዮቹም ሰኞ መጥተው ይረከባሉ። ጋሽ ፍሬቻ በዕድሜያቸው የፈሩት ነገር ጥቂት ነው፤ ያን ብረት ግን ፈሩት። ቤታቸው ምንም አይደለም፣ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ማድ ቤት ነው። ግን ከሟች ሚስታቸው ጋር ድንጋይ በድንጋይ ያቆሙት ቤት ነው፤ መብራት ሳያበሩ የትኛው በር ሲጢጥ እንደሚል፣ የትኛው ደረጃ ዝቅ እንደሚል ያውቁታል። ከዚያ ወጥተው ልጃቸው ቤት ብረት ውስጥ መተኛት፣ በቁም መቀበር መስሎ ታያቸው።

ተጨቃጨቁ። እሷ የሆነውን ሁሉ ቆጥራ ደረደረችላቸው። ብርጭቆ መስበራቸውን፣ መታጠቢያ ቤት ተንሸራተው ጎረቤት ማንሳቱን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ መክፈት አቅቷቸው ሳይወስዱ ማደራቸውን። ሁሉም እውነት ነበር። በመጨረሻ እሷ፣ አንድ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ብቻህን ጀምረህ ብቻህን ስትጨርስ አሳየኝና እተውሃለሁ አለቻቸው።

«ዓሣ ባወጣስ?» አሉ ጋሽ ፍሬቻ።

ልጅቱ ሳቋ መጣ። አባቷ በዓሣ ማጥመድ ከጡረታ ወዲህ የታወቁ ሰው ናቸው፤ ከታመሙ በኋላ ግን የከተማው ሐይቅ ዳር እየወሰደቻቸው አንድም ቀን አውጥተው አያውቁም። በግራ እጃቸው የማጥመጃ ዘንጉን ሲይዙ ክሩን የሚጠቀልል እጅ ያጣሉ፤ ክሩን ልጠቅልል ሲሉ ዘንጉ ይወድቃል። ዓሣውም ትሉን በልቶ፣ አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል ይሄዳል። ስለዚህ ምን ችግር አለው ብላ እሺ አለች። እሁድ ሄደው ይሞክራሉ፤ ካወጡ ቤታቸው ይቆያሉ፤ ካላወጡ ያለ ጭቅጭቅ ሻንጣቸውን ይዘው ይመጣሉ። እጅ ለእጅ ተመታቱ፣ በግራ እጅ ማለት ነው።

ሐይቁ ሐይቅ ይባል እንጂ ሰፋ ያለ ኩሬ ነው፤ በእግር ዙሪያውን ለመዞር ላብ አያስወጣም። የከተማው ሕዝብ ግን ሌላ ስለሌለው ይወደዋል። በአንዱ በኩል በፔዳል የሚሄዱ ጀልባዎች አሉ። በሌላው በኩል ዓሣ አጥማጆች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ከአጥማጆቹ ጀርባ ሣሩ እስከ መግቢያው የትኬት ቆራጯ ቤት ድረስ ሽቅብ ይወጣል፤ እሁድ እሁድ ምንጣፍ ያነጠፈ ቤተሰብ፣ መረብ ኳስ የሚጫወት ወጣት፣ አይስክሬም ሻጭና ፎቶ አንሺ የሚተራመሱት እዚያ ላይ ነው።

ይሄ ሐይቅ ደግሞ ሌላ ቦታ የሌለ ሕግ አለው። ከዓመታት በፊት ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ዘንግ ይዞ ሌላው ክር ጎትቶ አንድ ዓሣ አወጡ። የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው ተባባሉና ዓሣውን ጭራና ጭንቅላቱን እንደያዙ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄዱ። ነገሩ እስኪፈታ ዓሣው ሸተተ፤ ወንድማማቾቹም እስከ ዛሬ አይነጋገሩም ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሐይቁን የምትቆጣጠረው ሴት፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ የማይጠፋ ቆፍጣና ሴት ናት፣ ቁርጥ ያለ ነገር ደነገገች። አንድ ዘንግ፣ አንድ ሰው። ዓሣው ዳርቻው ላይ በኖራ የተቀቡትን ድንጋዮች እስኪያልፍ ድረስ ሁለተኛ ሰው ዘንጉን ወይም ክሩን ወይም አጥማጁን ከነካ ፊሽካ ይነፋል፣ ዓሣውም ወደ ውሃው ይመለሳል። ለዘመድ አይል፣ ለባለሥልጣን አይል። አንድ ጊዜ የገዛ ባሏን ዓሣ አስመልሳ፣ ባልየው ሳምንቱን ሙሉ አኩርፏት ነበር። አጥማጆቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ኋላ ግን ሕጉ ኩራታቸው ሆነና ከሌላ ከተማ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያወሩት እሱን ሆነ።

እሁድ ጠዋት ጋሽ ፍሬቻ፣ ልጃቸውና አማቻቸው ሐይቁ ዳር ደረሱ። አማችየው ኤሌክትሪሽያን ነው፤ ግዙፍ፣ የዋህ፣ እጀ ፈጣን ሰው። ሰው እርዳታ ከመጠየቁ በፊት ረድቶ የሚጨርስ ዓይነት ነው። መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተላቸው፣ ወንበራቸውን ዘረጋ፣ ትሉን መንጠቆው ላይ ሊሰካም እጁን ሲዘረጋ ጋሽ ፍሬቻ በዓይናቸው ገሠጹት። ትሉን ራሳቸው ሰኩት። ዘንጉን በጉልበታቸው ይዘው፣ መንጠቆውን በጥርሳቸው ሊነክሱ ምንም ሳይቀራቸው፣ እየተርበተበቱ ሰኩት፤ ልጃቸው እያየች ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ «ልወረውር ነው» አሉና ወረወሩ።

ብዙም አልቆየ፣ ክሩ ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ ጥልቅ አለ። ጋሽ ፍሬቻ ዘንጉን ቀና ከማድረጋቸው አማችየው እንደ በረኛ ተወርውሮ ጨበጠላቸው። ያዝኩልዎ ጋሼ፣ ያዝኩልዎ እያለ በደስታ ይጮሃል። ፊሽካው ተነፋ። ምስኪኑ ሰውዬ ምን እንዳደረገ የገባው ተቆጣጣሪዋ ከፊቱ ስትቆም ነው። ዓሣዋ መካከለኛ ቆሮሶ ነበረች፤ ራሱ ከመንጠቆው ፈትቶ ራሱ መልሶ ውሃ ውስጥ ለቀቃት። በሐይቁ ዳር ያለ አጥማጅ ሁሉ ሳቀበት። እሱ ግን ሊያለቅስ ደረሰ፤ ጋሼ ይማሩኝ፣ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም አለ። ጋሽ ፍሬቻም የማይታዘዝ እጅ ምን እንደሆነ ያውቃሉና ማሩት። ለጥንቃቄ ግን ትልቁን የሻይ ፔርሙስ በሁለት እጁ አቅፎ እንዲቆም አዘዙት። አቅፎ ቆመ።

ሁለተኛው የከፋው ነው። ፀሐይ ከረር ስትል ቡሹ እንደገና ጠለቀ፤ ጋሽ ፍሬቻ ብድግ አሉ። ሲነሱ ቀኝ እግራቸው አፈንግጦ ወደ ውሃው ዘመም አሉ። ልጃቸው ከኋላ ዘላ በአንድ እጅ ወገባቸውን፣ በአንድ እጅ ዘንጉን ያዘች። ፊሽካው ደግሞ ተነፋ። ዓሣው ተመለሰ። አባትና ልጅ ተፋጠው ቆሙ።

«ሆን ብለሽ ነው?» አሏት።

ልጅቱ ፊቷ ደም ለበሰ። ስትወድቅ ዝም ብዬ ልይህ ወይ አለቻቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እሷም ለራሷ አልተገለጠላትም። ወገባቸውን መያዟስ ይሁን፣ ዘንጉን ምን ቆርጧት ያዘች? ይህን እያሰበች ወደ ሣሩ ወጣችና ምንጣፏ ላይ ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። ጋሽ ፍሬቻም በተናገሩት ተጸጸቱ፤ ግን አልጠሯትም። ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ እሁድ እያለቀ ነው፣ ነገ ሰኞ ነው። ያ ብረት ያለው አልጋ ዓይናቸው ላይ ድቅን አለ።

እዚያው ተቀምጠው እጃቸውን ሲሰድቡ አንድ ነገር ብልጭ አለላቸው። የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው ይሄ እጅ? ታዲያ ምን ያስይዙታል፣ ዘንጉን ራሱን! በግራ እጃቸው የቀኙን ጣቶች አንድ በአንድ ፈለቀቁ፣ የዘንጉን እጀታ መሃል አስገቡ፣ ለቀቁት። ጣቶቹ ጥርቅም ብለው ተዘጉ። የእጀታውን ጫፍ በብብታቸው ስር አሳልፈው ጎናቸው ላይ አጣበቁት። ግራ እጃቸው ነጻ ወጣ። ክሩን መጠቅለል ይቻላል ማለት ነው ብለው ሲሞክሩት ግን የመጠቅለያው ማዞሪያ በቀኝ በኩል ነው፤ ግራ እጃቸው በደረታቸው ዞሮ ሊደርስበት አልቻለም። በዘንጉ የተበሳጩት ያኔ ነው። እግዜር ያውቃል ብለው ወረወሩና መጠቅለያውን ቆለፉት፤ ግራ እጃቸውንም ዘንጉ ላይ አስደገፉ።

የመጣው ቆሮሶ አልነበረም። ቡሹ አልጠለቀም፤ ጠፋ። ዘንጉ ተቆልምሞ ጫፉ ውሃ ነካ፣ ጋሽ ፍሬቻም ከወንበራቸው ሳይወዱ በግድ ተነሱ። ከጎናቸው ያለው አጥማጅ የራሱን ዘንግ ጥሎ አምባዛ ነው፣ እግዚኦ፣ ትልቅ አምባዛ ነው አለ። ውሃው ውስጥ አንድ ሰፊ ጥቁር ጀርባ ተገልብጦ ታየ። ጋሽ ፍሬቻ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተጎተቱ። ሌላ ተጎተቱ። ጫማቸው ውሃ ውስጥ ገባ። አማችየው ፔርሙሱን አንቆ ይዟል። ሌላ ሰው ቢሆን ዘንጉን ለቆ ነፍሱን ያድን ነበር፤ እሳቸው ግን ልልቀቅ ቢሉስ መች ያ እጅ ይለቃል?

አንድ አውቶቡስ መዞሪያ የሌለው ጠባብ መንገድ ውስጥ ከገባ የሚወጣበት ማርሽ አንድ ብቻ ነው። ጋሽ ፍሬቻ ጀርባቸውን ቀጥ አደረጉ፤ ግራ እግራቸውን ጭቃው ውስጥ ተከሉ።

«ወደ ኋላ ልሄድ ነው» አሉ፣ እንደ አመላቸው።

ሄዱም። ግራ እግር ወደ ኋላ፣ ቀኝ እግር ተጎትቶ ይከተላል፤ ግራ እግር ወደ ኋላ፣ ቀኝ ይከተላል። ክሩ አይጠቀለልም፤ ሰውየው ራሳቸው መጠቅለያ ሆኑ። አንድ እርምጃ በሄዱ ቁጥር አምባዛው አንድ እርምጃ ወደ ዳር ይመጣል። ከጭቃው ወጡ፣ ሣሩ ላይ ወጡ። አጥማጆቹ ጉድ አሉ። ሐይቁ ዳር ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ሁሉ ዓሣ በእግር ሲጠቀለል አይቶ አያውቅም። ግን ከኋላቸው ያለው ሽቅብ ነው፤ ሽቅቡ ደግሞ በሰው፣ በምንጣፍ፣ በብርጭቆ፣ በልጅ፣ በኳስ የተሞላ ነው። ጋሽ ፍሬቻ ዞረው ማየት አይችሉም። ከታመሙ ወዲህ አንገታቸውን ካዞሩ ዓለም አብራ ትዞርባቸዋለች። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ገብቷል፣ መስታወት ግን የለውም።

ከጀርባቸው የሚሮጥ እግር ሰሙ። ልጃቸው ናት። ተው አባዬ፣ ትወድቃለህ፣ ተው እያለች መጣች። ትንፋሿ ማጅራታቸው ላይ ተሰማቸው፤ የእጅ ቅባቷ ሸተታቸው። ሁለት እጆቿን ዘርግታ ከትከሻቸው አንድ ስንዝር እስኪቀር እንደቆመች ሳያዩ አወቁ። ተቆጣጣሪዋ ፊሽካዋን አፏ ውስጥ ከታ ቆማለች። አንዱ ተመልካች ሰውየውን መደገፍ እንኳ አይቻልም ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ ፊሽካውን ሳታወጣ ራሷን ነቀነቀች። አይቻልም።

ነገሩ ሁሉ እዚያች ስንዝር ላይ ነበር። ልጅቱ በአንድ ጣቷ ብትነካቸው አለቀ፤ አሸነፈች። አዲሱ ክፍል አለ፣ አልጋው አለ፣ ሌሊት ብንን ብላ አባቴ ወድቆ ይሆን ብላ መጨነቅ የለም። ማንም አይወቅሳትም፤ አባቷን ከመውደቅ አዳነች ነው የሚባለው። ጋሽ ፍሬቻ ይህን ሁሉ አወቁት። ላባቸው ዓይናቸው ውስጥ ገባ፤ የሚጠርግ እጅ የላቸውም። አምባዛው ጎተተ፣ ዘንጉ ጎናቸው ላይ ጮኸ።

«ልጄ» አሉ፣ ሳይዞሩ። «አትንኪኝ። መንገዱን ንገሪኝ።»

ማጅራታቸው ላይ ያ ትንፋሽ ሲንቀጠቀጥ ሰሙት። ሊያለቅስ ያለ ሰው ትንፋሽ ነው። ከዚያ እግሮቿ ወደ ኋላ ራቁ።

«ና» አለች።

ድምጿ መጀመሪያ ቀጭን ነበር። «ና። ና፣ ና፣ ና።» ከዚያ ጎላ አለ። «ግራ ያዝ። ግራ፣ ግራ፣ በቃ! ቀጥ አድርገህ ና!»

ጋሽ ፍሬቻ ይህን አጠራር ያውቁታል። ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ሲዘጋ አውቶቡሱ ላይ ይዘዋት ይውሉ ነበር። መናኸሪያ ሲደርሱ ረዳቱ እሷን ያወርዳትና፣ አባትሽን ወደ ኋላ አስገቢ ይላታል። ያቺ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ያንን የሚያህል አውቶቡስ ከኋላው ቆማ እጇን እያውለበለበች፣ እንደ ረዳቶቹ እየጮኸች ታስገባቸው ነበር። አንድም ቀን ግንብ አላስነካቻቸውም። ምክትል ርዕሰ መምህር ከሆነች ወዲህ ግን እንዲህ ስትጮህ ሰምተዋት አያውቁም።

አሁን ጮኸች። አባትየውም ነዱ። ምንጣፍ ላይ የተቀመጡትን ከመንገድ ተነሱ አለቻቸውና ሰዎቹ ሻያቸውን አንጠልጥለው፣ ሕፃናቸውን አቅፈው ገለል አሉ። መረብ ኳስ የሚጫወቱት ወጣቶች መረቡን ወደ ላይ አነሱ፤ ጋሽ ፍሬቻ በስሩ አለፉ። አይስክሬም ሻጩ ጋሪውን ሲጎትት መንኮራኩሩ ጉድጓድ ገብቶ አልወጣ ቢለው፣ ቀኝ ሰበር አድርገህ ና ብላ አባቷን በዙሪያው አዞረቻቸው። ፎቶ አንሺው ፊቱ የቆሙትን ጥንዶች ትቶ እሳቸውን ያነሳ ጀመር። አማችየው ፔርሙሱን እንዳቀፈ በጎን በኩል ይሮጣል፤ መንገድ ልቀቁ፣ መንገድ፣ እያለ። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ጠቅሞ አያውቅም።

አንድ ቦታ ላይ ቁም አለች። ቆሙ። ከኋላህ የዛፍ ስር አለ፣ ግራ እግርህን ከፍ አርገህ አሳልፈው አለቻቸው። ግራውን አሳለፉ። ቀኙ ግን ስሩ ላይ ተያዘ። በዚያች ሰዓት አምባዛው ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ ተስፈነጠረ። ዘንጉ ተወጠረ፣ ጋሽ ፍሬቻ ወደ ፊት ሊደፉ ደረሱ፣ አንድ ሴት ጮኸች። የጨበጠ እጅ ሁሉ የሚከፈተው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ያ ዓመት ሙሉ ሲሰደብ የኖረ እጅ ግን አልተከፈተም። ጣቶቹ ነጡ፣ ደም ስሩ ተገታተረ፣ ሙጭጭ አለ። ልጅቱ እጆቿን ከኋላዋ አቆላልፋ፣ የራሷን ጣቶች በራሷ ጣቶች አስራ ትጮኻለች። አይዞህ፣ ፍሬን ያዝ፣ ቀኝህን ጎትተው፣ ትችላለህ። ጎተቱት። እግሩ ከስሩ ላይ ተላቀቀ። ቀና አሉ።

«ና!» አለች። «ና፣ ና፣ ና! ክፍት ነው፣ ሁሉም ክፍት ነው፣ ና!»

ሽቅቡን ጨርሰው ትኬት ቆራጯ ቤት አጠገብ ደረሱ። ሐይቁ ከታች ርቋል። ክሩ ከሰው መሃል እንደተወጠረ ይሄዳል፤ ጫፉ የት እንዳለ፣ ዓሣው ይኑርበት አይኑርበት ላብ በሞላው ዓይናቸው አይታያቸውም። የሚያውቁት ዘንጉ እየከበደ መምጣቱን ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ጨመሩ። ሌላ ጨመሩ። ከታች ድንገት አገር የሚያነቃንቅ ጩኸት ተነሳ፣ ጩኸቱን ሰንጥቆ ፊሽካ ተነፋ። ጋሽ ፍሬቻ ቀልባቸው ተገፈፈ። ማን ነካው ብለው አሰቡ። ፊሽካው ግን አላቆመም፤ ረዥም፣ የማያልቅ፣ ዓሣ አለፈ ሲባል የሚነፋው ፊሽካ ነበር።

«ወጣ?» አሉ፣ ባለማመን።

«ወጣ አባዬ። ድንጋዩን አልፎ ሣሩ ላይ ተኝቷል።»

ጋሽ ፍሬቻ ባሉበት ሣሩ ላይ ቁጢጥ አሉ። ልጃቸው ፊታቸው ተንበረከከች። ሁለቱም እንደ ሕፃን እያለቀሱ፣ ሁለቱም እየሳቁ ነበር። ዘንጉ አሁንም እጃቸው ውስጥ ነው።

«አሁን ልንካህ?» አለች።

«አሁንማ ንኪኝ እንጂ» አሉ። «በቃ፣ ደርሰናል።»

ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ዘንጉን አወጣችላቸው። መዳፋቸው ላይ የእጀታው ምልክት ቀይ ሆኖ ታትሟል። መዳፉን ከፍታ ስማ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ጋሽ ፍሬቻም ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው፣ ቅድም ለተናገርኩሽ ይቅር በይኝ አሏት። እሷ ደግሞ ልክ ነበርክ አባዬ፣ ሳላውቀው ሆን ብዬ ነው መሰለኝ አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሱም።

ወደ ታች ሲወርዱ ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ቆሞ ያጨበጭባል። ቆሮሶ ያስመለሳቸው አማች አምባዛውን አቅፎ ቆሟል፤ ፔርሙሱን የት እንደጣለው የሚያውቅ የለም። ዓሣው ጢሙ ብቻ ስንዝር ይሆናል፤ የሰውዬውን ሸሚዝ እስከ አንገቱ አጨማልቆታል። ተቆጣጣሪዋ መጥታ ጋሽ ፍሬቻን በግራ እጃቸው ጨበጠቻቸው። የእኛ ሕግ ዓሣው በየት በኩል ይወጣል አይልም፣ በእግር ቢሆንም ይቆጠራል አለች፤ ሊከራከር ያሰበ ካለ ብላ ዙሪያውን ቃኘች። የሚከራከር አልተገኘም። ትልልቆቹ አጥማጆች፣ እነዚያ ሰው አድንቀው የማያውቁት፣ አንድ በአንድ እየመጡ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉ። ጋሽ ፍሬቻ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ እያሉ፣ ጮቤ ሊረግጡ ምንም አልቀራቸውም። የደስታቸውን ልክ ልነግራችሁ አልችልም።

መኪናው ጋ ሲደርሱ አማችየው በሩን ሊከፍትላቸው እጁን ሰደደና መለሰው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ጠበቀ። ጋሽ ፍሬቻ «ልከፍት ነው» ብለው በግራ እጃቸው ከፈቱ፤ ትንሽ ታገላቸው እንጂ ተከፈተ። ልጃቸው ወዲያውኑ አልገባችም። መኪናውን ተደግፋ ስልኳን አወጣች። ማታ ማታ ስለ መድኃኒቱ ደውዬ እጠይቅሃለሁ፣ ይሄን ግን አልተውልህም አለቻቸው። ደውይ አሏት፣ በደስታ። ከዚያ አንድ ቁጥር ፈልጋ ደወለች። ድምጿ የቢሮ ድምጿ ሆነ። ነገ ቤቱን እንረከባለን ያሉት ሰዎች ናቸው።

ስለ ቤቱ ነበር አለቻቸው፤ በጣም ይቅርታ፣ አይከራይም፣ ሰው አለበት። ተከራዩ በወዲያ በኩል ባዶ ነው አላላችሁም ነበር ወይ፣ ማን ገባበት ብሎ ጠየቃት መሰል፣ ወደ አባቷ ዞር ብላ አየቻቸው።

«ባለቤቱ» አለች።